የአራት ንጥረ ነገሮች ስም አወጣጥ፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ጎጃም መማሪያ ክፍል ግድግዳ

በጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ወይ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ ይሰቀላል፣ ወይ በዘይት ቀለም በግድግዳው ላይ ይጻፋል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ቀለሙ እስኪላላጥ ድረስ የሚነካው የለም። ሰንጠረዡ ከኅዳር 2009 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ የሰባተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ አራት ሣጥኖች ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ይዘው ይታያሉ፦ ዩ-ዩ-ቲ፣ ዩ-ዩ-ፒ፣ ዩ-ዩ-ኤስ እና ዩ-ዩ-ኦ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንደ ሌሎቹ ምልክቶች ቆጥሮ ይሸመድዳቸዋል። እነዚህ ግን በላቲንና በግሪክ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው፤ ዛሬ በሥራ ላይ የሉም።

ይህ የጉዳይ ጥናት የ113ኛውን፣ የ115ኛውን፣ የ117ኛውንና የ118ኛውን ንጥረ ነገር ከመጀመሪያው አቶም እስከ ጸደቀው ስም፣ ከዚያም እስከ ክፍሉ ግድግዳ ድረስ ይከተላል። ስለ ስም ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን ይህ ተመረጠ?» ብሎ ነው። ስሞቹ ለሕዝብ አስተያየት ከወጡ በኋላ ለመጽደቅ ስድስት ወር እንኳ አልፈጀባቸውም። ስም የማውጣት መብቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከ10 ዓመት በላይ ወስዷል፤ ክርክሩም የማስረጃ ክርክር ነበር። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምንሰጠው ለእርሱ ነው።

ስም እስኪወጣ

የንጥረ ነገሮችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት፣ አይዩፓክ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ደንብ ላልተሰየመ ንጥረ ነገር ከአቶሚክ ቁጥሩ (ከፕሮቶኖቹ ብዛት) በቀጥታ የሚገኝ ጊዜያዊ መጠሪያ ይሰጣል። ለ0 ኒል፣ ለ1 ኡን፣ ለ2 ቢ፣ ለ3 ትሪ፣ ለ4 ኳድ፣ ለ5 ፔንት፣ ለ6 ሄክስ፣ ለ7 ሴፕት፣ ለ8 ኦክት፣ ለ9 ኤን፤ መጨረሻው «ኢየም»። 113 ሲነበብ ኡን-ኡን-ትሪ ይሆንና ኡኑንትሪየም ይባላል። 115 ኡኑንፔንቲየም፣ 117 ኡኑንሴፕቲየም፣ 118 ኡኑንኦክቲየም። ምልክቱ የሦስቱ ቁጥሮች የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ስም ያልወጣለት ሕፃን ማሙሽ ወይም ሚጡ እየተባለ እንደሚሰነብት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሁለት ማሙሾች አይኖሩም፤ ቁጥሩ አንድ ብቻ ነውና።

ጊዜያዊ መጠሪያ ያስፈለገው ቀድሞ በደረሰው ችግር ምክንያት ነው። 104ኛውን ንጥረ ነገር ሶቪየቶች ኩርቻቶቪየም፣ አሜሪካኖች ራዘርፎርዲየም ይሉት ነበር። 105ኛውም እንዲሁ ሁለት ስም ነበረው። አንዱ ቤተ ሙከራ ያሳተመውን ሰንጠረዥ ሌላው አይቀበለውም። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያን ጊዜ የወደቁ ስሞች፣ ለምሳሌ ለ105 ቀርቦ የነበረው ሃኒየም፣ ዳግመኛ ለሌላ ንጥረ ነገር አይሰጡም። ይህ ክልከላ ወደ ኋላ ጃፓኖቹን ያገኛቸዋል።

113፦ ሁለት ጠያቂ፣ አንድ ሣጥን

ከአራቱ ውስጥ ክርክር የበዛበት 113ኛው ነው። ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፦ በጃፓን ዋኮ ከተማ የሚገኘው የሪከን ተቋም፣ እና በሩሲያ ዱብና ያለው የኒውክለር ምርምር ተቋም ከአሜሪካው ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ጋር ሆኖ።

የሪከን አሠራር በወረቀት ሲታይ የመደመር ጉዳይ ነው። ዚንክ 30 ፕሮቶን አለው፤ ቢስመዝ 83፤ ድምሩ 113። ዚንክ-70 (70 የፕሮቶኖቹና የኒውትሮኖቹ ድምር፣ ማለትም የክብደት ቁጥሩ ነው) ከብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ይፋጠንና በስስ የቢስመዝ-209 ንጣፍ ላይ ይለቀቃል። 70 እና 209 ሲደመሩ 279 ይሆናሉ፤ አንድ ኒውትሮን ሲወጣ 278 ይቀራል። ችግሩ ሁለቱም ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው መሆኑ ነው። ፍጥነቱ ካነሰ ተገፋፍተው ይለያያሉ፤ ከበዛ ደግሞ የተዋሐደው ኒውክለስ ወዲያው ይሰነጠቃል። በየሰከንዱ ከ2 ትሪሊዮን በላይ የዚንክ አዮን እየተለቀቀ፣ ከ550 በሚበልጡ የሥራ ቀናት የተገኘው 3 አቶም ብቻ ነው፦ ሐምሌ 16 ቀን 1996፣ መጋቢት 24 ቀን 1997 እና ነሐሴ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.።

አቶሙ የሚቆየው ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ማንም አይመዝነውም፣ ከአሲድ ጋርም አያዋሕደውም። የሚታየው አሟሟቱ ነው። ሄሊየም ጋዝ በተሞላና ማግኔት በተገጠመለት መለያ ውስጥ አልፎ ከዚንኩ ጎርፍ ተለይቶ የሲሊከን ዲቴክተር ላይ ያርፋል። ካረፈበት ነጥብ አልፋ ቅንጣት ይወጣል። እያንዳንዱ አልፋ 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ይዞ ስለሚሄድ አቶሚክ ቁጥሩ በ2፣ የክብደት ቁጥሩ በ4 ይቀንሳል። ሰንሰለቱ እንዲህ ይወርዳል፦ 113 በ278፣ ከዚያ 111 በ274፣ 109 በ270፣ 107 በ266፣ 105 በ262። የእያንዳንዱ አልፋ ጉልበትና የወጣበት ጊዜ ይመዘገባል።

ዱብናዎች በሌላ በር ነው የገቡት። እ.ኤ.አ. በ2003 ካልሲየም-48ን በአሜሪሲየም-243 ላይ ለቀው 115ኛውን ሠሩ፤ 20 እና 95 ሲደመሩ 115። የተገኙት 4 አቶሞች ነበሩ። 115 አንድ አልፋ ሲለቅ 113 ይሆናል። ስለዚህ 113ን ያዩት ከሪከን የመጀመሪያ አቶም በፊት ነው፤ ያሳተሙትም በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. ነው። በቀን ቢሆን ኖሮ መብቱ የዱብና ነበር።

መብቱ ያልሆነላቸው ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ የማይታወቅ ስለነበረ ነው። 115 በ288፣ 113 በ284፣ 111 በ280፣ 109 በ276፣ 107 በ272፣ 105 በ268፤ እዚያ ሲደርስ አልፋ መልቀቁን ትቶ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከእነዚህ አይሶቶፖች (ፕሮቶናቸው እኩል ሆኖ በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) አንዱም ቀደም ብሎ በሌላ መንገድ ተሠርቶ የታወቀ አልነበረም። ማንም ተነሥቶ «ይህ ሰንሰለት የጀመረው ከ115 ሳይሆን ከ114 ነው» ቢል፣ ወደ ታች ወርዶ የሚታወቅ ነገር በመያዝ የሚመልስለት የለም። ዱብናዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከሰንሰለቱ ጫፍ ያለው የ105ኛው አይሶቶፕ ወደ 1 ቀን ገደማ ስለሚቆይ በኬሚስትሪ ለይተው «ይኸው የምድብ 5 ጠባይ አለው» ብለው አቀረቡ፤ ምድብ ማለት የሰንጠረዡ ቋሚ ዓምድ ነው። ከኬሚስቶችና ከፊዚሲስቶች ኅብረቶች የተውጣጣው የጋራ አጣሪ ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ ልየታው የምድብ 4ን ከምድብ 5 በእርግጠኝነት አይለይም ብሎ መለሰው። በዚያ ዘገባ 114 እና 116 ብቻ አለፉ። የሪከንም ሁለት አቶሞች አልበቁም፤ እነርሱም ቀሩ።

እዚህ ላይ ሪከን የሠራው ሥራ ለማንኛውም ተመራማሪ ትምህርት ነው። 113ን ደጋግሞ ከመጠበቅ ጎን ለጎን የሰንሰለቱን ታችኛ ቀለበት ለብቻው ሠራ፦ ሶዲየም-23ን በኪዩሪየም-248 ላይ ለቅቆ የ107ኛውን 266 አይሶቶፕ በቀጥታ አመረተና የአልፋ ጉልበቱን ለካ። ከ113 ሰንሰለት ከወረደው ጋር ገጠመ። በ2004 ዓ.ም. የመጣው ሦስተኛው አቶም ደግሞ ከቀደሙት ሁለቱ የረዘመ መንገድ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ከ4 አልፋ በኋላ 105 ላይ ተሰንጥቀው ነበር፤ ይህኛው 6 አልፋ ለቅቆ በ103 በኩል እስከ 101 ወረደ። መንገዱ በሚታወቅ አገር አለፈ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2015፣ ውሳኔው ተሰማ። 113 ለሪከን፤ በኮሱኬ ሞሪታ ለሚመራው ቡድን። 115 እና 117 ለዱብና፣ ለሊቨርሞርና ለአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ትብብር። 118 ለዱብናና ለሊቨርሞር። በእስያ አገር ለተገኘ ንጥረ ነገር መብት ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። የዱብና ሰዎች ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም፤ ያም ሆኖ በደንቡ መሠረት ሲታይ ውሳኔው ትክክል ይመስለናል። ደንቡ የሚጠይቀው ከአንድ ሰከንድ አንድ መቶ ትሪሊዮንኛ በላይ የቆየ ኒውክለስ መኖሩንና አቶሚክ ቁጥሩ ከጥርጣሬ በላይ መታወቁን ነው። ቀድሞ ማየት ብቻውን አያስጠራም።

115 ግን ያለፈው በሁለት መንገድ ተሠርቶ ነው። 289 የክብደት ቁጥር ያለው 115 በአንድ በኩል በቀጥታ ከአሜሪሲየም፣ በሌላ በኩል ከ117 በአልፋ ወርዶ ተገኘ፤ ሁለቱ ተመሳከሩ። በስዊድን የሉንድ ተመራማሪዎች ማመሳከሪያው በስታቲስቲክስ ሲታይ ልል ነው ብለው ሞግተዋል። ክርክሩ ውሳኔውን አልለወጠም፤ የ11ኛና 12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪዎች ቢያውቁት ግን አይጎዳቸውም።

117 እና 118፦ ከንጣፉ ጋር መሽቀዳደም

117ን ለመሥራት ካልሲየም-48 በበርኬሊየም-249 ላይ ይለቀቃል፤ 20 እና 97። ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ካልሲየም-48 ከተፈጥሮ ካልሲየም ውስጥ 0.187 በመቶ ብቻ ነው። በርኬሊየም ደግሞ በተፈጥሮ አይገኝም፤ በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ኦክ ሪጅ በሚገኘው ከፍተኛ የኒውትሮን ፍሰት ባለው ሪአክተር ለ250 ቀን ገደማ ተጠብሶ፣ ከዚያ ለ90 ቀን ተጣርቶ የተገኘው 22 ሚሊግራም ነው። ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 330 ቀን አካባቢ ስለሆነ ከተጣራበት ቀን ጀምሮ ይቀንሳል። በአውሮፕላን ወደ ሩሲያ ሲላክ የጉምሩክ ወረቀት ስላልተሟላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ዕቃው አትላንቲክን አምስት ጊዜ ተሻገረ። በሩሲያዋ ከተማ ዲሚትሮቭግራድ ንጣፍ ተደርጎ ዱብና ሲደርስ 150 ቀን ያህል ተደበደበና 6 አቶም ሰጠ፤ 5ቱ በ293፣ 1ዱ በ294። ዜናው የወጣው በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ነው። (ለክፍል የሚሆን ጥያቄ፦ ከ22 ሚሊግራም ውስጥ ከ150 ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? መልሱ ወደ 16 ሚሊግራም ይጠጋል።)

118 ቀድሞ አሳፍሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ቤተ ሙከራ ክሪፕቶንን ከእርሳስ ጋር አጋጭተን 118ን አገኘን የሚል ዜና ወጣ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግመው ሲሞክሩት አልመጣም፤ ራሱ በርክሌይም ሲደግመው አልመጣም። መዝገቡ ሲመረመር መረጃው የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና ጽሑፉ ተሰረዘ። ያን ጊዜ ስም ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድ የሞተ ስም ከሰንጠረዥ እየፋቅን ነበር። በኋላ ዱብናና ሊቨርሞር ካልሲየም-48ን በካሊፎርኒየም-249 ላይ ለቀው 294ን አገኙ፤ ግማሽ ዕድሜው ከ1 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው።

መብቱ ከተሰጠ በኋላ

ከዚህ ወዲያ መንገዱ አጭር ነው። አግኚዎቹ ስምና ምልክት ያቀርባሉ። የኅብረቱ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ይመረምረዋል። ለ5 ወር ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል። ከዚያ ይጸድቃል። የአራቱ ስሞች ሰኔ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ለአስተያየት ወጡ፤ አስተያየቱ ጥቅምት 29 ቀን 2009 ተዘጋ፤ ኅዳር 19 ጸደቁ፤ ኅዳር 21 በጽዮን ማርያም ዕለት ለዓለም ተነገሩ።

ስሙ ከአምስት ምንጮች በአንዱ ላይ መቆም አለበት፦ ከአፈ ታሪክ፣ ከማዕድን፣ ከቦታ ወይም ከአካባቢ፣ ከንጥረ ነገሩ ጠባይ፣ ወይም ከሳይንቲስት ስም። መጨረሻውም በምድቡ ይወሰናል። ከምድብ 1 እስከ 16 «ኢየም»፣ በምድብ 17 እንደ ክሎሪንና አዮዲን «ኢን»፣ በምድብ 18 እንደ ኒዮንና አርጎን «ኦን»። ቀድሞ የነበረው ደንብ አዲስ ስም ሁሉ በ«ኢየም» ይለቅ የሚል ነበር። ለ117 እና ለ118 ሲደርስ ግን ከወንድሞቻቸው ጋር የማይገጥም ስም ሊሰጣቸው ሆነ፤ ስለዚህ ደንቡ ተሻሻለ።

ጃፓኖቹ ኒሆኒየምን መረጡ። ኒሆን አገራቸውን ከሚጠሩባቸው ሁለት መንገዶች አንዱ ነው። ሌላውን፣ ኒፖንን፣ መውሰድ አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ማሳታካ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት 43ኛውን ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ ኒፖኒየም ብሎት ነበር። ያገኘው በእርግጥ አዲስ ነገር ነበር፤ ቁጥሩን ግን ሳተ። በኋላ ሲመረመር 75ኛው፣ ዛሬ ሬኒየም የምንለው ሆነ። የሬኒየም መብት በ1925 እ.ኤ.አ. ለጀርመኖች ሄደ፤ ኒፖኒየምም አንዴ ስለወደቀ ተከለከለ። ምልክቱ የነበረው ኤን-ፒም ዛሬ የኔፕቱኒየም ነው።

የ115 ስም ሞስኮቪየም የተባለው ዱብና የምትገኝበትን የሞስኮ ክልል ለማክበር ነው፤ የከተማዋ ስም ለ105 ተወስዶ ዱብኒየም ሆኗል። የ117 ቴኔሲን የቴኔሲ ግዛት ድርሻ ነው፤ በርኬሊየሙን ያመረተው ኦክ ሪጅ እዚያ ስላለ፣ የቫንደርቢልትና የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲዎችም ስለተሳተፉ። 118 ኦጋኔሶን የዩሪ ኦጋኔሲያን ነው፤ በ1933 እ.ኤ.አ. በሮስቶቭ የተወለዱ የአርመን ዝርያ ያላቸው የዱብና ፊዚሲስት። በሕይወት እያሉ ስማቸው ለንጥረ ነገር የጸደቀላቸው እርሳቸውና ከእርሳቸው በፊት ግሌን ሲቦርግ ብቻ ናቸው።

በአስተያየቱ ወቅት ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው በቴኔሲን ምልክት ላይ ነው። ቲ-ኤስ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቶሲል የሚባለው ቡድን ማሳጠሪያ ነውና። የኅብረቱ መልስ ኤ-ሲ የአክቲኒየምም የአሲቲልም፣ ፒ-አር የፕራዚዮዲሚየምም የፕሮፒልም ሆነው ኖረዋል፤ ከዐውዱ ይለያል የሚል ነበር። መልሱ የሚያስኬድ ነው፤ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልተመለሰም። በ2009 እ.ኤ.አ. ለ112ኛው ለኮፐርኒሲየም የቀረበው ሲ-ፒ በሌላ አገልግሎት ምክንያት ወደ ሲ-ኤን ተቀይሯል። ሌላው ግፊት ከውጭ የመጣ ነው፤ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ለሞተ የሮክ ሙዚቀኛ አንዱ ንጥረ ነገር ይሰየምለት የሚል አቤቱታ ከ150 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰበ። ሙዚቀኛ ከአምስቱ ምንጮች በአንዱም ውስጥ የለም። ፊርማ ቢበዛም የማቅረብ መብት የአግኚው ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህን ሲማሩ «ለምን ዓባይ፣ ለምን ጣና፣ ለምን ጮቄ አልሆነም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ መልሱም «አገሩ ስላልታወቀ» አይደለም። በስዊድን ኢተርቢ የምትባል ትንሽ መንደር ብቻዋን ለ4 ንጥረ ነገሮች ስም ሰጥታለች፦ ኢትሪየም፣ ኢተርቢየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም። ምክንያቱ ከመንደሯ የድንጋይ ካባ የወጣው ማዕድን ውስጥ መገኘታቸው ነው። ለቦታ ስም በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባበት ግን በግኝት ነው።

ግድግዳውን ማስተካከል

መጀመሪያ ሰንጠረዡ መቼ እንደተሠራ ይለዩ፤ ስንት ሣጥን እንደሚነካ የሚወስነው ይህ ነው። 112 ባለ ሦስት ፊደል ከሆነ ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ 6 ወይም 7 ሣጥን ሊኖርዎት ይችላል። 112 ተሰይሞ 114 እና 116 ካልተሰየሙ ከግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. በፊት ነው። ሁለቱም ኖረው 113 ብቻ ከነወንድሞቹ ከቀረ አራቱ ሣጥኖች ብቻ ናቸው። በድሮ ሰንጠረዥ 113፣ 115 እና 117 ጭራሽ ባዶ ሆነው ሊገኙም ይችላሉ። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው ባዶውን ዘሎ 114ን በ113 ቦታ ጽፎት እንዳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ይቁጠሩ፦ 113 ኒሆኒየም፣ 114 ፍሌሮቪየም፣ 115 ሞስኮቪየም፣ 116 ሊቨርሞሪየም፣ 117 ቴኔሲን፣ 118 ኦጋኔሶን። ኒሆኒየም ከታሊየም ሥር፣ ኦጋኔሶን ከራዶን ሥር መዋል አለባቸው።

ሥራው የሚሠራው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ወይም በኅዳር ነው። በክረምት የደጋው ግድግዳ እርጥበት ስለሚይዝ ዘይት ቀለም አይደርቅም፤ ቢደርቅም ያብጣል። የሣጥኑ ጎን 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አራቱ ሣጥኖች 0.16 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ለሁለት ዙር ነጭ ቀለም ሩብ ሊትር ተርፎ ይተርፋል። አሮጌውን ፊደል በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያሹ፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ የተቦረቦረ ካለ ስቱኮ ይሙሉ። ከዚያ አንድ ዙር ነጭ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ዙር። በአንድ ዙር ብቻ ካለፉ የድሮው ጥቁር ፊደል ከሥር ብቅ ይላል፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ተማሪ ሁለቱን ደርቦ ያነባል። ግድግዳው በዘይት ቀለም የተሠራ ከሆነ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም አያስቀቡ፤ በወራት ውስጥ ይላጣል። ለማቅጠን አኳራጅ በጥቂቱ።

ሰንጠረዡ በአቡጀዲ ከሆነ ወረቀት በኮላ መለጠፍ አያዋጣም፤ ሲጠቀለል ይሰበራል። ሣጥኑን በነጭ ቀለም ሸፍኖ መጻፍ፣ ወይም ተመሳሳይ አቡጀዲ ቆርጦ ጽፎ መስፋት ይሻላል።

በፊደሉ ላይ የሚበዛው ስሕተት ሁለተኛውን ፊደል ትልቅ አድርጎ መጻፍ ነው። የኒሆኒየም ምልክት ትልቅ ኤን እና ትንሽ ኤች ነው፤ ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን ተብሎ ይነበባል። የሞስኮቪየም ትልቅ ኤም እና ትንሽ ሲ፤ የቴኔሲን ትልቅ ቲ እና ትንሽ ኤስ፤ የኦጋኔሶን ትልቅ ኦ እና ትንሽ ጂ። ትልቁ ፊደል 8 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ 5፣ አቶሚክ ቁጥሩ 3፣ ከሥር የሚጻፈው ስም 2.5 ቢሆን ከክፍሉ መጨረሻ ይታያል። በአማርኛ ስሙን ሲጽፉ የምድቡ መጨረሻ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ «ቴኔሲየም» ወይም «ኦጋኔሲየም» ተብሎ ከተጻፈ ምድቡን የሚያመለክተው ክፍል ይሰበራል።

የክብደት ቁጥሩ በቅንፍ ይገባል፤ አማካይ ክብደት ስላልሆነ። ለኒሆኒየም 286፣ ለሞስኮቪየም 289 ወይም 290፣ ለቴኔሲን 294፣ ለኦጋኔሶን 294። ሪከን ያገኘው 278 ሆኖ ለምን 286 ይጻፋል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፤ በቅንፍ የሚገባው ከታወቁት አይሶቶፖች ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፣ የ286 ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 10 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል።

ቀለም ላይ አንድ ምክር አለን፤ ብዙ የታተሙ ሰንጠረዦች አይከተሉትም። ቴኔሲንን በሃሎጅኖቹ፣ ኦጋኔሶንን በኖብል ጋዞቹ ቀለም አይቀቡ። «ኢን» እና «ኦን» ምድቡን እንጂ ጠባዩን አይመሰክሩም። የኦጋኔሶን አንድም የኬሚስትሪ ሙከራ አልተሠራም፤ ስሌቱ በክፍል ሙቀት ጠጣር ሊሆን ይችላል ይላል። አራቱንም ነጭ አድርጎ መተው ከተማሪው ጭንቅላት የሐሰት እውቀት ይከላከላል።

ግድግዳውን እንደ አዲስ የሚሥሉ ከሆነ 18 ሣጥን በ20 ሳንቲ ሜትር 3 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ ቁመቱ ሰባቱ ረድፎች 1 ሜትር ከ40፣ ክፍተቱ 10፣ ከሥር ያሉት ሁለቱ ረድፎች 40። በሰባተኛው ረድፍና ከሥር ባሉት መካከል ያለውን ክፍተት ከ10 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያስፉት። 119ኛውን ሪከን ቫናዲየምን በኪዩሪየም ላይ እየለቀቀ ይፈልገዋል፤ በርክሌይ በ2024 እ.ኤ.አ. ቲታኒየም-50ን በፕሉቶኒየም-244 ላይ ለቅቆ 2 የሊቨርሞሪየም አቶም ሠርቶ ወደ 120 ማምራቱን ተናግሯል። 119 ሲመጣ ሣጥኑ ከፍራንሲየም ሥር ነው፤ እስኪሰየም ድረስ ኡኑንኤኒየም፣ 120 ደግሞ ከራዲየም ሥር ኡንቢኒሊየም ተብለው በእርሳስ ይጻፉ።